በበቆሎ ፍሬ የተጫወትነው ካርታ

ሞያሌ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ከባላጋራው ጋር ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ሶማሌዎችና ገሪዎች ሻሕ የሚሉትን ጨዋታ ቆሞ የተመለከተ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት አራት ማዕዘኖች አፈሩ ላይ ይሠመራሉ፤ 24 መቀመጫ ነጥቦች ይገኛሉ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር ይዘው በየተራ ይተክላሉ። ቦታው ሁሉ እስኪሞላ ድረስ አንድም ጠጠር አይነሣም። ሦስት ጠጠሮቹን በአንድ መስመር ያሰለፈ «ጃሬ» ሠራ ይባላል፤ በተከላው ጊዜ ቀድሞ ጃሬ የሠራ ደግሞ ከባላጋራው ጠጠር የማንሣቱን መብት በቅድሚያ ያገኛል። መገፋፋቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉ ይኸው ነው፤ ጨዋታው ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። በዙሪያው የቆሙ ሰዎች አሉ። አንዱ «ያን ጠጠር ከጥግ ባታነሣው ኖሮ» ይላል፤ ሌላው በአፉ «እስስ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያሳያል። ተሸናፊው ተነሥቶ ልብሱን ሲያራግፍ የተሸነፈበትን ምክንያት ቢያንስ አምስት ሰው ነግሮታል። ነገ ሲመለስ ያንኑ ስሕተት ቢደግም መሳቂያ ይሆናል። በዚህ ዓይነት አንድ ጎረምሳ ደብተርና እርሳስ ሳይዝ፣ አስተማሪ ሳይቀጠርለት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሩ ተጫዋች ይሆናል።

ገበጣም እንዲሁ ነው። ቦረናዎች ሰዴቃ የሚሉት የጉድጓድና የጠጠር ጨዋታ የገበጣ ዘመድ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። የድሮው የሀገራችን ሰንጠረዥም ቢሆን የአደባባይ ጨዋታ ነበር፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው የሚያንቀሳቅሱበት፣ «ወረራ» የሚባል አጀማመር ነበረው፤ የመጀመሪያው መግደል ሲፈጸም ነው ተራ የሚያዘው። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም ነገር ለዓይን የተገለጠ ነው። የሚደበቅ ጠጠር፣ የሚበወዝ ዕጣ የለም። የተሸነፈ ሰው የተሸነፈው በራሱ ውሳኔ ነው፤ ሽንፈቱም እውነቱን ይነግረዋል።

ካርታ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ፖከር።

የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 23 ነው፤ በድንበሩ ላይ ሽልንግና ብር ከሚመነዝሩ ወጣቶች አንዱ ሲሆን ጭንቅላቱ ለቁጥር ፈጣን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ ጓሮ ፖከር የሚጫወቱ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ተቀላቅሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያሸነፈ ወደ ቤቱ ገባ። በአራተኛው ሳምንት ለእናቱ ሥራውን ትቶ ናይሮቢ ሊወርድ መሆኑን ነገራት። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ናይሮቢ የአንድ ቀን መንገድ ሆናለች፤ ሐሳቡም እዚያ ካሉት ቁማር ቤቶች በአንዱ በካርታ መተዳደር ነበር። እህቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቤቴ መጣች። «ወንድሜ፣ አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ይህን ልጅ በሒሳብ ካልመለስክልኝ በምክርስ አይመለስም» አለችኝ።

እኔ በጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅቶች ውስጥ ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካርታም እወዳለሁ። ያለ ገንዘብ እርግጥ ነው፤ በከተማችን ውስጥ ቁማርን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ የሚነቅፉት ነገር ነው፤ እኔም በዚህ ረገድ ከሁለቱም የምለየው ሐሳብ የለኝም። ልጁን ግን «ተው» ብዬ እንደማልመልሰው አውቅ ስለ ነበር ሌላ ነገር አቀረብኩለት። ገንዘብ ሳይነካ በበቆሎ ፍሬ አንድ ሺህ እጅ እንጫወት፤ እያንዳንዱ እጅ ደግሞ በደብተር ይመዝገብ። አንድ ሺህ ሲሞላ ደብተሩ አሸናፊ መሆኑን ካሳየ መንገዱን እንደማልዘጋበት ቃል ገባሁለት።

«ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሸነፈ ሰው በዕድል ብቻ ነው ይሉኛል?» አለኝ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በግምት የሚሰጥ አይደለም። ከባላጋራው በእርግጥ የሚበልጥ፣ ከ100 ዙር 55ቱን የሚያሸንፍ ተጫዋች እንውሰድ። ይህ ሰው 10 ዙር ብቻ ቢጫወት ከግማሽ በታች የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ውስጥ 26 ያህል ነው። ማለትም የተሻለው ተጫዋች ከአራት ምሽት አንዱን ተሸናፊ ሆኖ ይነሣል፤ ደካማውም አሸንፎ እየፎከረ ይሄዳል። 100 ዙር ቢጫወቱ እንኳ የተሻለው ሰው ከግማሽ በታች የሚያገኝበት ዕድል ከ100 ውስጥ 13 ያህል ሆኖ ይቀራል። ሦስት ሳምንት ያሸነፈ ወጣት እንግዲህ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሦስት ሳምንት ስለ እርሱ የሚናገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሻሕ ላይ ሦስት ሳምንት ያሸነፈ ሰው ግን ጎበዝ ነው፤ ክርክር የለውም።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። ፖከር ላይ መጥፎ ውሳኔ የወሰነ ሰው ይሸለማል፤ ጥሩ ውሳኔ የወሰነ ይቀጣል፤ ማን የቱን እንደ ወሰነ ደግሞ ማንም አያይም። ካርታው ተደብቋል፤ ተቀምጦ የሚመክር ሰው የለም፤ መምከርም ነውር ነው። የተጣለው ካርታ ሳይገለጥ ከሌላው ጋር ተበውዞ ይጠፋል። ዛፍ ሥር ከበው የሚጮኹት ሰዎች የሉም። የእነርሱን ሥራ ተጫዋቹ ራሱ ካልሠራው ሃያ ዓመት ቢጫወት ሃያ ዓመት ያንኑ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። በብዛት የሚጫወቱት ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ ከዚያ አምስት ካርታዎች በመካከል ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ መካከል የተሻሉትን አምስት ያቀናጀ ያሸንፋል። ከእያንዳንዱ ገለጣ በፊትና በኋላ ተጫዋቾቹ መደብ ያስይዛሉ፤ ያልፈለገ ካርታውን ይጥላል። ሁሉም ጥለው አንድ ሰው ብቻ ከቀረ ካርታውን ሳያሳይ መደቡን ይወስዳል። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ሕግ ነው። ባዶ እጅ ይዞ በድፍረት ማሸነፍ ይቻላል።

ይህ ለሞያሌ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከብትና ግመል በሚሸጥበት ገበያ ደላሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በጣት ንክኪ ብቻ ዋጋ ሲነጋገሩ ያላየ ማን አለ? ፊታቸው ጸጥ ያለ ነው። አንዱ ጣት ሲጨብጥ ሌላው ወደ ሰማይ ይመለከታል፤ እጁን መንጥቆ የሚሄድ ይመስላል፤ ይመለሳል። ቆሞ የሚያይ ሰው የተባለውን ዋጋ አያውቅም። ደላላው ገዢው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከእጁ ግፊት፣ ከዝምታው ርዝመት፣ ትናንት ከገዛበት ዋጋ ይገምታል። የእህቴን ልጅ ለሁለት የገበያ ቀን እዚያ ወስጄ አቁሜዋለሁ። «መጨረሻ ላይ የሚናገረው ሁልጊዜ ይጠቀማል» ብሎ ተመለሰ። ይህ የፖከር መጻሕፍት ስለ መቀመጫ ቦታ በብዙ ገጽ የሚያስረዱት ነገር ነው፤ ከሌሎቹ በኋላ የሚወስን ሰው የሌሎቹን ውሳኔ አይቶ ይወስናል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሲቀመጡ ብዙ ካርታ መጫወት፣ መጀመሪያ ላይ ሲቀመጡ ጥቂት ብቻ መምረጥ ይገባል።

አራት ሆነን ተቀመጥን። እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የቡርጂ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ። እያንዳንዳችን 200 የበቆሎ ፍሬ ይዘን እንጀምር ነበር። ሳቅም አልቀረም፤ የመምህሩ ባለቤት «ንፍሮ የሚሆነውን እህል ትቆምሩበታላችሁ» እያሉ ይሰድቡን ነበር።

በመጀመሪያው ወር ካርታ ከመጫወት ይልቅ ካርታ መቁጠር ነበር ሥራችን። 52 ካርታዎች አሉ፤ ከእነርሱ ሁለት ሁለት እየወሰድን ስንት ዓይነት ጥንድ እናገኛለን? 1,326። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት አስ የሚገጥምባቸው ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ማለትም በአማካይ ከ221 እጅ አንዱ። የትኛውም ዓይነት ጥንድ፣ ሁለት ሦስትም ይሁን ሁለት ንጉሥ፣ ከ17 እጅ አንድ ጊዜ ይመጣል። ልጁ ይህን ሲሰማ ተገርሞ ነበር፤ ጥንድ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ይመስለው ነበር። የሚመጣው ስለሚታወስ ነው፤ ያልመጣውን አሥራ ስድስት ጊዜ ማን ያስታውሳል?

ቀጥሎ አንድ ስሌት ለብቻው ሦስት ምሽት ወሰደብን። ነገሩ እንዲህ ነው። በእጅህ ሁለት ባለ ልብ ካርታ ይዘሃል፤ በመካከል ከተገለጡት አራት ካርታዎች ሁለቱ ባለ ልብ ናቸው። አንድ ካርታ ይቀራል። እርሱም ባለ ልብ ከሆነ ታሸንፋለህ፤ ካልሆነ ትሸነፋለህ እንበል። ባላጋራህ ካስያዘ በኋላ መደቡ 30 ፍሬ ሆኗል፤ ለመቀጠል 10 ፍሬ መጨመር አለብህ። ትጨምራለህን?

የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ ይጨምር ነበር። «10 ሰጥቼ 30 አገኛለሁ» ይላል። እንቁጠር። ካየሃቸው ስድስት ካርታዎች ውጭ 46 ይቀራሉ። ከ13ቱ ባለ ልብ ካርታዎች አራቱን አይተሃል፤ ዘጠኝ ቀርተዋል። ከ46 ጊዜ 9 ጊዜ 30 ፍሬ ታገኛለህ፤ 270 ይሆናል። 37 ጊዜ 10 ፍሬ ታጣለህ፤ 370 ይሆናል። በ46 ጊዜ ውስጥ 100 ፍሬ ከስረሃል። መደቡ 50 ቢሆን ኖሮ ግን 450 አግኝተህ 370 ታጣለህ፤ 80 ፍሬ ታተርፋለህ። ካርታው ያው ነው፤ ዕድሉም ያው ነው፤ ውሳኔውን የሚለውጠው ዋጋው ነው። ሽልንግ መንዛሪ ለሆነ ልጅ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ አልነበረም። በጠዋት ተነሥቶ የሚሠራው ይህንኑ ነውና፤ ጥሩ ገንዘብ ወይም መጥፎ ገንዘብ የለም፤ ጥሩ ዋጋና መጥፎ ዋጋ እንጂ። ያስቸገረው በሒሳብ የገባውን በምሽት መፈጸም ነበር።

ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስለ አመዘጋገቡ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ሙያዬ ስለሆነ ደስ ይለኛል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሰባት ዓምድ አሠመርን። የእጁ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የተያዙት ሁለት ካርታዎች፣ የመቀመጫው ቦታ፣ የመደቡ መጠንና የተጠየቀው ፍሬ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ፣ በመጨረሻም ውጤቱ። በስድስተኛው ዓምድ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፤ ምክንያቱ የሚጻፈው የሚቀጥለው ካርታ ከመገለጡ በፊት ነው። አጭርም ቢሆን። «ይፈራል ብዬ»፣ «9 ካርታ ይረዳኛል፣ ዋጋው ጥሩ ነው»፣ «ስለ ተናደድኩ»። ከተገለጠ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ምክንያት አይደለም፤ ሰው ካሸነፈ በኋላ ለድፍረቱ፣ ከተሸነፈ በኋላም ለመጥፎ ዕድሉ የሚያበጀው ታሪክ ነው። በሒሳብ ሥራም ደረሰኙ ገንዘቡ በወጣበት ሰዓት ካልተጻፈ በወሩ መጨረሻ የሚጻፈው ልብ ወለድ ነው።

ሰባተኛውን ዓምድ፣ የውጤቱን፣ ወደ ኋላ አጠፍነው። በማግስቱ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ደብተሩን ስንገልጥ ገጹ እንደ ታጠፈ ይሆናል፤ ማን እንዳሸነፈ አይታይም። ውሳኔው ብቻውን ይመረመራል። ካርታው ይህ፣ ቦታው ይህ፣ ዋጋው ይህ፤ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ከተስማማን በኋላ ልክ ለሆነው አንድ ጭረት፣ ላልሆነው አንድ ክብ እናደርጋለን። ከዚያ ወዲያ ነው እጥፋቱ የሚገለጠው። ክብ የተደረገበት ውሳኔ ብዙ ፍሬ አስገኝቶ ሲገኝ ልጁ ይስቅ ነበር፤ ቆይቶ ግን መሳቁን ተወው። በውጤት ውሳኔን መመዘን የፖከር ተጫዋቾች ሁሉ ደዌ እንደሆነ አሜሪካዊቷ ተጫዋች አኒ ዱክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ በሰፊው ጽፋለች፤ እኛ ግን መድኃኒቱን ያገኘነው ከወረቀት እጥፋት ነው።

ከ300 እጅ በኋላ ደብተሩ መናገር ጀመረ። ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ የሰዓቱ ዓምድ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የተደረጉት ክቦች ጥቂት ናቸው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ገጹ በክብ ይሞላል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፌን ልብ በሉ፤ በስዋሂሊም ያው 4 ሰዓት ነውና ከኬንያዊ ጎረቤቶቻችን ጋር በዚህ ተግባብተናል። ሁለተኛው ነገር ልጁን ዝም ያሰኘው ነበር። ትልቅ መደብ በተሸነፈ ቁጥር በሚቀጥሉት አምስት ስድስት እጆች ውስጥ አንድም ካርታ አይጥልም። ማንኛውንም ጥንድ፣ ማንኛውንም ተስፋ ይከተላል። ይህን ስንነግረው ካደ፤ ቁጥሩን በጣቴ እያሳየሁ አንድ በአንድ ስቆጥርለት ግን የሻሕ ተመልካቾች እንደ ከበቡት ሰው ፊቱ ቀላ። ሦስተኛው ደግሞ መምህሩን ይመለከታል። መምህሩ ካርታ መጣል የማይወዱ ሰው ናቸው፤ አንዴ ከገቡ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ልጁም ባዶ እጅ ይዞ ደጋግሞ የሚያስፈራራው እርሳቸውን ነበር፤ የማይፈራ ሰው እንዴት ይፈራራል?

ማስፈራራት ግን በራሱ ስሕተት አይደለም። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ፖከርን በሒሳብ መርምሯል። ያገኘው ነገር ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከልምድ የሚያውቀውን ነው። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ሲያስይዝ ሁሉም ይጥሉለታል፤ ጥሩ ካርታውም ፍሬ አያመጣለትም። አንዳንድ ጊዜ በባዶ እጅ የሚያስይዝ ግን በሞላ እጅም ሲያስይዝ የሚከተለው ያገኛል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የዕድል ስሌት የተወለደው ከቁማር ገበታ ላይ ነው፤ ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 የተጻጻፉት ተቋርጦ የቀረ ጨዋታ መደቡ እንዴት ይከፈል በሚል ጥያቄ ነበር። ዛሬ መድን ሰጪው ሁሉ የሚተዳደርበት ሒሳብ ከዚያ የመጣ ነው።

ለልጁ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው የሊብራተስ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት እውቅ ባለሙያዎች ጋር በ20 ቀናት 120,000 እጅ ተጫውቶ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የሠሩት በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ቱማስ ሳንድሆልምና ኖም ብራውን ናቸው። ፕሮግራሙ ከሰው አልተማረም፤ የሰጡት ሕጉን ብቻ ነው። ከራሱ ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ፣ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ «ሌላውን መርጬ ቢሆን ምን ያህል እጠቀም ነበር?» ብሎ እያሰላ ራሱን አረመ። የስሌቱ መጠሪያ ራሱ ጸጸትን የመቀነስ ዘዴ የሚል ትርጉም አለው። በውድድሩ ወቅት ደግሞ ባለሙያዎቹ ቀን ያገኙበትን ክፍተት ሌሊት ሌሊት ይደፍን ነበር። እነርሱ በማግስቱ ሲመጡ ትናንት የገቡበት በር ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ «ሌሊቱን ደብተሩን ያነባል ማለት ነው» አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳውም።

እርሱ ይዞት የመጣው ታሪክ ግን የተለየ ነበር። ክሪስ መኒሜከር የተባለ፣ ስሙ ራሱ ገንዘብ ሠሪ ማለት የሆነ፣ ከቴነሲ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንተርኔት በ86 ዶላር በተደረገ ማጣሪያ አልፎ ላስ ቬጋስ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የሙያ ባልደረባዬ በመሆኑ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ግን ግማሽ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በውድድሩ የገቡት 839 ሰዎች ነበሩ። የእርሱን ስም የሰሙ በሚቀጥለው ዓመት ሲጎርፉ ቁጥሩ 2,576 ደረሰ፤ በ2006 ደግሞ 8,773። ስለ ሌሎቹ 838 ሰዎች ማን ጻፈ? በፖከር ገበታ ላይ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ ቁማር ቤቱ ደግሞ ከየመደቡ የራሱን ድርሻ ያነሣል። ስለዚህ የተጫዋቾቹ ሁሉ ሒሳብ ተደምሮ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ከባላጋሮችህ ትንሽ መብለጥ አይበቃም፤ ቤቱ ከሚያነሣው በላይ መብለጥ አለብህ። ይህን በደብተራችን ለማየት ከየመደቡ ጥቂት ፍሬ እያነሣን በአንድ ጣሳ ማጠራቀም ጀመርን። በአንድ ወር ውስጥ ከአራታችን ይልቅ ሀብታም የሆነው ጣሳው ነበር። መምህሩ «ይህ ጣሳ ካርታ ሳይዝ እንዴት ያለ ተጫዋች ነው» ብለው አሳቁን።

ጣሳው ያመጣው አንድ ያልታሰበ ነገር አለ። የእህቴ ልጅ እንደ አብዛኞቹ የዕድሜ እኩዮቹ በስልኩ በእግር ኳስ ውጤት ላይ ገንዘብ ያስይዝ ነበር። ስለዚያ አንድም ቀን አልተናገርኩትም፤ እናቱም አታውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ራሱ አነሣው። «ጋሼ፣ የስልኩስ ጣሳ የት አለ?» አለኝ። ወረቀት አምጥተን አሰላነው። ሁለቱም ወገን እኩል ዕድል ያለው ግጥሚያ ቢሆን ትክክለኛው ክፍያ በ100 ሽልንግ 200 ነው። አስያዡ ድርጅት ግን 190 ይሰጣል እንበል። ሁለት ጊዜ መቶ መቶ አስይዘህ አንዱን ብታሸንፍ 200 አውጥተህ 190 ትቀበላለህ። 10 ሽልንግ ጣሳው ውስጥ ገብታለች፤ ከመቶ አምስት። ፖከር ላይ ቢያንስ ከፊትህ የሚሳሳት ሰው ተቀምጧል፤ በዚያ በኩል ግን ዋጋውን የሚቆርጠው ራሱ ባለጣሳው ነው። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ከተተው። ማስያዙን ተወ ወይስ አልተወም ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከስልኩ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ከሰው ጋር የሚያወራበት ጊዜ መርዘሙን እናቱ ነግራኛለች።

መቼም ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ጎበዝ አልሆነም ብል ሐሰት ነው። ከ600 እጅ በኋላ ክቦቹ በግልጽ ቀነሱ። ትልቅ መደብ ሲሸነፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል፤ ያን በደብተሩ ጀርባ በራሱ እጅ ጽፎ ሕግ አድርጎታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ካርታውን አስቀምጦ ይሄዳል። መምህሩን ማስፈራራት ትቶ የሞላ እጅ ሲይዝ ብቻ ያስከፍላቸዋል፤ እርሳቸውም መክፈል አልሰለቻቸውም። ልብስ ሰፊው ግን እስካሁን ከሁላችንም ይበልጣል። ደብተር አይዝም፤ ሲጠየቅ «እኔ ሰው የምለካ ሰው ነኝ» ይላል። ከእርሱ ጋር በተጫወትንባቸው እጆች የእኔና የልጁ ሒሳብ ከዜሮ በታች ነው። ሁሉም ነገር በደብተር ይገኛል የሚል ሰው ካለ ይህን ጎረቤቴን አምጥቼ አገናኘዋለሁ።

እህቴ እስካሁን አልረካችም። በበቆሎም ይሁን በብር ቁማር ቁማር ነው ትላለች፤ ግቢዬ ውስጥ ካርታ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ልጇ ግን በምንዛሪ ሥራው ላይም ሌላ ደብተር ከፍቷል፤ ብር በየትኛው ሰዓት በስንት እንደ ገዛና ለምን እንደ ገዛ ዋጋው ከመለወጡ በፊት ይጽፋል። የመጨረሻውን ዓምድ እንደ እኛው አጥፎታል።

ናይሮቢ የመሄዱን ነገር አልተወውም። ቃሌም ቃል ነው፤ አንድ ሺህ ሲሞላና ደብተሩ ሲመሰክር አልከለክለውም። ጣሳውን ቀንሰን ስናሰላው እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ የእርሱ ሒሳብ ከ200ዎቹ ፍሬዎች በላይ 31 ፍሬ ብቻ ነበር። በ847 እጅ። እርሱ «እያደገ ነው» ይላል፤ እኔ «ገና ነው» እላለሁ፤ ከላይ ያሰላነው የ55ና የ100 ሒሳብ ለሁለታችንም አይፈርድም። የሚቀጥለውን ቅዳሜ የሚያድለው እርሱ ነው።